የቢያድግልኝ ባና

የዚያን ቀን በእማ አንጓች ቤት የነበርነው እነዚህ ነን፤ የቤቱ ባለቤት እማ አንጓች፣ እናቴ፣ ጎረቤታችን አያ መኳንንት፣ የደብራችን ቄስ፣ ደብዳቤውን ከዳባት ያመጣው እህል ነጋዴ፣ እናቷ የሞተችባት ከምሰሶው ሥር የታሰረች አንዲት ግልገል፣ እና እኔ። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ነጋዴው ስሙን አልነገረንም፤ ወይም ነግሮን ረስቼዋለሁ። የቀሩትን ግን የተቀመጡበትን ቦታ ሳይቀር አስታውሳለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ደጋግሜ ቆጥሬያቸዋለሁና። ከመካከላቸው አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «ቆይ፣ እስቲ እንደገና አንብቢው» ቢለኝ ኖሮ እያልኩ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የጣሪያዬ ቆርቆሮ ነው። በዚህ ክረምት አንዱ ምስማር ላልቶ ውኃ አስገባ፤ ውኃውም በቀጥታ በሣጥኔ ላይ ወረደ። ጠዋት ስከፍተው ከልብሱ ሁሉ ሥር ያለው ባና ርሶ አገኘሁት። ባና የደጋ ሰው ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ሲርስ በግ በግ ይላል፣ ጭስ ጭስ ይላል፣ ትንሽም ቅቤ ይሸታል። አውጥቼ አጥር ላይ ሳሰጣው ልጄ፣

«እማዬ፣ ይሄን አሮጌ ነገር ምነው አትጥይውም?» አለችኝ።

«የሰው ነው።»

«የማን?»

መልሱ ረዘመብኝ። ደብተር ገዝቼ ተቀመጥኩ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ ስህተት ብታገኙ ይቅር በሉኝ።

መንደራችን አስታ በር ይባላል። ከዳባት የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው፤ ብርዱ ግን ከዳባትም ይብሳል። ቤቶቹ በገደሉ አፋፍ ላይ ተራርቀው የተሠሩ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ጉም ከቆላው ሽቅብ ይወጣና አንድ በአንድ ይሸፍናቸዋል። እኛ ልጆች ከደጃፋችን ቆመን «እነ እገሌን ዋጠ፣ አሁን እኛን ሊውጥ ነው» እንባባል ነበር። የሚዘራው ገብስና ባቄላ ነው። ውኃ የሚቀዳው ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ነው፤ ቁልቁል በሩጫ እንወርድና ሽቅብ በእንስራ ስንወጣ ሦስት ቦታ እናርፋለን። የማረፊያዎቹ ድንጋዮች በሴቶች ጀርባ ለስልሰው ያብረቀርቁ ነበር። መብራት፣ ሐኪም፣ የማኪና መንገድ የሚባል አልነበረም። አይተናቸው ስለማናውቅ ግን ጎደሉ ብለን አናስብም።

ከውጭ ወደ እኛ የሚመጣው መመሪያ ነበር። መመሪያ ሲመጣ የገበሬ ማኅበሩ ጥሩንባ ይነፋና ሰው እርፉን ጥሎ ይሰበሰባል። ጠመንጃ የያዙት ሁለቱ ሰዎች አብዮት ጠባቂ ይባላሉ። እኔ አብዮት የሚባል አንድ እስረኛ ያለ ይመስለኝ ነበር። አሳዘነኝና አንድ ቀን ከጠባቂዎቹ አንዱን «አብዮት ዛሬ ምሳ በላ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሰውየው ሳቀ። እናቴ ግን ክንዴን ቆንጥጣ እስከ ቤት ድረስ ሳትለቀኝ ወሰደችኝ። ፈሪነቴን ከእሷ ወረስኩት መሰለኝ።

እማ አንጓች ከቤታችን ቀጥላ ያለች ብቸኛ ሴት ነበረች። አራት ልጆች ቀብራለች። አምስተኛው ሲወለድ ቢያድግልኝ አለችው፤ ስሙ ራሱ ልመና ነው። እሱም አደገላት። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ ልጅ ነበር። ዝናብ ሲጥል እኛን ትንንሾቹን እያዘለ ጅረቱን ያሻግረናል፤ መሀል ላይ ሲደርስም «አሁን ብጥልሽስ?» ይላል። አሥራ ስምንት ዓመቱ ላይ፣ በሰኔ መግቢያ፣ ጥሩንባው ተነፋና ለውትድርና ተመረጠ። ከእርሻው ላይ እንዳለ ነው የወሰዱት፤ በላዩ ላይ አንዲት ጋቢ ብቻ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ሰው ስለ እሱ ሲጠየቅ «ግዳጅ ላይ ነው» ይላል። ግዳጅ የሥራ ስም መሆኑን ማን ይንገረኝ? እኔ አገር መሰለኝ። ላይ አርማጭሆ እንደሚባለው፣ ግዳጅ ላይ የሚባል ሌላ ደጋ።

የእማ አንጓች ቤት ሰው እንዳይጠፋበት ብላ እናቴ ያን ክረምት እኔን እሷ ዘንድ አሳደረችኝ። አንድ ቀን እሳት ዳር ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል ጠየቅኋት።

«እማ አንጓች፣ ግዳጅ ይበርዳል?»

እንዝርቷ ቆመ። «ምነው ልጄ?»

«ላይ ነው ይሉ የለ? ላይ ከሆነ ይበርዳላ።»

እንዝርቷን መሬት አኖረች። እኔ የተቆጣች መሰለኝ። በኋላ ግን «እውነትሽን ነው። ጋቢዋ ደግሞ ሳስታለች» አለች። በማግሥቱ ጥጡን ወደ ጓዳ አስቀምጣ በየጎረቤቱ እየዞረች የበግ ጠጉር ማሰባሰብ ጀመረች። ለቢያድግልኝ ባና ልታሠራ ነው። የእኔ ሥራ ጠጉሩን መልቀም ነበር፤ እሾኩን፣ የደረቀውን ጭቃ፣ መዥገሩን እያወጣሁ ነጩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ እቆልላለሁ። ጣቶቼ ከጠጉሩ ቅባት የተነሳ ክረምቱን ሙሉ ለስላሳ ነበሩ። ጉሙ በሩ ላይ ቆሞ፣ ዝናቡ ክዳኑ ላይ እየወረደ፣ የእሷ እንዝርት ሲሽከረከር መስማት፤ ከዚያ የበለጠ ሸጋ ነገር ከዚያ በኋላ አላገኘሁም ብል ልጆቼ እንዳይቀየሙኝ።

በዚያው ክረምት መሠረተ ትምህርት መጣ። አስተማሪዋ ሰብለ የምትባል የጎንደር ከተማ ልጅ ነበረች፤ ሃያ ዓመት የሚሞላት አይመስለኝም። ሰሌዳው የአሮጌ ቤት በር ነው፤ በከሰል ጠቁሮ ከግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ማጠፊያው እንኳ አልተነቀለም። ሽማግሌውም ልጁም አንድ ላይ ይማራል። ከሁሉ የሚያስቸግራት አያ መኳንንት ነበር። አያ መኳንንት ገበሬ ነው፤ በበጋ ደግሞ ይሸምናል። ምላሱ ከመወርወሪያው ይፈጥናል።

አንድ ቀን ሰብለ «አያ መኳንንት አለ» ብላ ጻፈችና አነበበችው።

«‹አለ›ን ጠበቅ ካደረግነው አያ መኳንንት እዚህ ይገኛል ማለት ነው። ላላ ካደረግነው አያ መኳንንት ተናገረ ማለት ነው።»

«ጽሑፉስ?» አላት አያ መኳንንት።

«ጽሑፉ አንድ ነው።»

«እንግዲያ እኔ ስሞት አንዱ ‹መኳንንት አለ› ብሎ ቢጽፍ፣ መኖሬ ነው ወይስ መለፍለፌ?»

«ሞተህም ብትሆን መለፍለፍህ ነው» አለችው እናቴ ከኋላ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

እሱ ግን አልለቀቀም። «እኔ ሸማኔ ነኝ ልጄ። ጠበቅ ያለውንና ላላ ያለውን ካልለየሁ ‹ሂድ ወዲያ፣ ወንፊት ነው የሠራኸው› ይሉኛል። ይህን ፊደል የሠራው ሰው ችኩል ነበር።»

«ከአጠገቡ ካሉት ቃላት ይታወቃል አያ።»

«ካልታወቀስ?»

ሰብለ ጠመኔዋን አስቀመጠች። «ያን ጊዜ የጻፈውን ሰው መጠየቅ ነው» አለች።

እማ አንጓች ለስድስት ፊደል ብቻ ነው የተማረችው። ቢ፣ ያ፣ ድ፣ ግ፣ ል፣ ኝ። እነዚህን በአመድ ላይ በጣቷ መጻፍ የቻለች ቀን «በቃኝ፣ የቀረውን አንቺ ታነቢልኛለሽ» ብላኝ ከትምህርቱ ቀረች። ጥቅምት ላይ ሰብለም ለጥር እመለሳለሁ ብላ ወደ ጎንደር ሄደች። በዚያን ጊዜ እኔ ከመንደሩ ልጆች ሁሉ ፈጥኜ የማነብ ነበርኩ፤ እናቴም በሰው ፊት እንዳልኮራ ትቆጣኛለች።

ደብዳቤው የመጣው ኅዳር ላይ፣ የሚካኤል ማግሥት ነው። ነጋዴው ከበሩ ላይ ቆሞ «የቢያድግልኝ እናት ቤት ይሄ ነው?» ሲል እማ አንጓች እጇን ዘረጋች። አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ነው። ዘርግታ ወደ ብርሃን ያዘችውና ከታች ጀምራ ፈለገች። ስሙን አገኘችው። በጣቷ እየጠቆመች ስድስቱን ፊደላት አንድ በአንድ ቆጠረች። ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጠችው።

የማኅበሩ ጸሐፊ እንዲያነብላት አልፈለገችም፤ የሰው ደብዳቤ ሲያነብ ይዘላል ይባል ነበር። ቄሱ ወረቀቱን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ መልሰው ሰጡኝ። «እኔ ዳዊቴን የምደግመው በቃሌ ነው፤ ይህ የጉንዳን መንገድ አይታየኝም። አንቺ ሞክሪው» አሉኝ። እናቴ «ቀስ ብለሽ» አለችኝ።

ቀስ ብዬ አነበብኩ። «ለውድ እናቴ። እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ግዳጅ ላይ ነኝ። እግሬን ትንሽ አሞኝ ነበር፣ አሁን ይሻለኛል። ቡሬውን በሬ እንዳትሸጪብኝ። አይዞሽ አታልቅሺ ገና እመጣለሁ። ልጅሽ ቢያድግልኝ።»

ይኸው ነው። ‹ገና›ን ጠበቅ አድርጌ ነው ያነበብኩት፤ በዓሉን። ሌላ ንባብ እንዳለው በአእምሮዬም አልመጣም። ኅዳር ነዋ፤ ልጆች ሁሉ ጫካ ገብተው የገና ጨዋታ ዱላ የሚቆርጡበት ወር ነው። ከንፈሬ ላይ የነበረው ገና ያው አንዱ ነበር።

«ለገና ሊመጣ ነው» አለች እማ አንጓች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነ።

«ከነገ ወዲያ ጾሙ ይገባል። አርባ ሦስት ቀን ጾመን፣ ይመጣል» አሉ ቄሱ።

ነጋዴው ጠላውን እየጠጣ ወረቀቱን እንዴት እንዳገኘው ነገረን። ማክሰኝት ገበያ እህል ሊገዛ ሄዶ ነው። ከከተማው ጥግ ሜዳ ላይ የወታደር ድንኳን አለ፤ አንድ እግሩ በፋሻ የታሰረ ወጣት ዳባት የሚሄድ ሰው ሲፈልግ አግኝቶት ሰጠው።

አያ መኳንንት ያን ጊዜ ተነሣ። «እንግዲያ ምን እንጠብቃለን? ማክሰኝት ሩቅ አይደለም። ነገ ዳባት እንደር፣ ከነገ ወዲያ በማኪና ጎንደር፣ ከዚያ ማክሰኝት። በዓይንሽ ታይዋለሽ አንጓች።»

እማ አንጓች ነጠላዋን አንሥታ ነበር። ይህን አይቻለሁ። ነጠላዋን አንሥታ ትከሻዋ ላይ ካደረገች በኋላ መልሳ አስቀመጠችው።

«በመንገድ ብንተላለፍስ? እኔ በዚያ ስሄድ እሱ በዚህ ቢመጣስ? ቤቱን ዘግቼ፣ ባናው ሳያልቅ። ለገና እመጣለሁ ብሎኛል፣ ለገና ይመጣል» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እንዲያ አይደል የሚለው?»

«አዎ» አልኩ።

በሕይወት እስካለሁ የዚያን ታኅሣሥ ደስታ አልክድም። እማ አንጓች ቤቷን በጭቃ አስለቀለቀች። ያቺ የምሰሶ ሥር ግልገል ለበዓሉ ትቆይ ተባለች። አያ መኳንንት ባናውን ሸመነ፤ ነጭ ሆኖ በዳር በዳሩ ጥቁር መስመር ያለው። ከሸማኔ እጅ ሲወጣ ባና ወንፊት ይመስላል፤ በሙቅ ውኃ ካልተረገጠ አይጠብቅም። ስለዚህ ልጆች ተጠርተን በገበታ ላይ ስንረግጠው ዋልን፤ እንፋሎቱ እስከ ጉልበታችን፣ የጠጉሩ ሽታ እስከ አፍንጫችን። አያ መኳንንት «ርገጡ፣ ርገጡ፣ የወታደር ልብስ ነው» ይላል። እማ አንጓች ሲደርቅ ለበሰችውና ርዝመቱን ለካች፤ በእሷ ላይ መሬት ለመሬት ይጎተታል። «ለእሱ ልክ ነው» አለች።

የገና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ወደ መንደሩ መግቢያ በር ወጣን፤ የዳባት መንገድ ከዚያ ላይ ይታያል። ወንዶቹ ከታች ሜዳው ላይ የገና ጨዋታዋን ኳስ፣ ሩሯን፣ እየመቱ ይጯጯሃሉ። እማ አንጓች ባናውን አጥፋ በክንዷ ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መንገዱ ላይ አህያ የሚነዱ ሁለት ሰዎች መጡ፤ አንዲት ሴት መጣች፤ ከዚያ ውሻ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ «መንገድ ይዞት ነው። ነገ ይደርሳል» አለችኝ። ግልገሏ አልታረደችም።

በአምስተኛው ቀን አያ መኳንንት ምንም ሳይቀልድ መጣና ከእማ አንጓች ጋር ማክሰኝት ሄዱ። በሳምንታቸው ተመለሱ። ሜዳው ባዶ ነበር። ድንኳኖቹ ከተነሡ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ ወዴት እንደሄዱ የነገራቸው የለም። አያ መኳንንት ለእናቴ ሲነግራት ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰማሁ። «የካስማ ጉድጓድ ብቻ ነው ያለው። እሷ በእያንዳንዱ ጉድጓድ እየቆመች ታያለች» አላት።

ሰብለ እንዳለችው በጥር ተመለሰች። ደብዳቤውን ከእማ አንጓች ሙዳይ አውጥቼ፣ ሳልነግራት፣ ወሰድኩላት። እኔ ሳላነበው የቀረ ነገር ካለ ታገኘዋለች ብዬ ነው፤ ምናልባት ከጀርባው ላይ። ሰብለ በቀስታ አነበበችው። «አይዞሽ አታልቅሺ፣ ገና እመጣለሁ» አለች፤ ‹ገና›ን ላላ አድርጋ። ወደፊት እመጣለሁ፤ አንድ ቀን፤ ጊዜው አልደረሰም።

«እትዬ ሰብለ፣ በዓሉ አይደለም?»

አየችኝ። ገባት መሰለኝ፣ ወረቀቱን እንደገና አነበበች። «እንደ አንቺም ሊሆን ይችላል። ማጥበቂያ ነጥብ የለውም፤ አይታወቅም» አለችኝ። እኔን ለማጽናናት ይሁን እውነቷን ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

በምንጩ መንገድ ዞሬ ወደ ቤት ስመለስ ከሦስቱም ማረፊያ ድንጋዮች ላይ ተቀመጥኩ፤ እንስራ ሳልሸከም። ‹እኔ ባላነብ ኖሮ ማክሰኝት ትሄድ ነበር፤ ታየው ነበር› እላለሁ። እማ አንጓች ባናውን ከእሳቱ በላይ ካለው ማገር ላይ ስትሰቅል ደረስኩ፤ ጭስ ከያዘው ብል አይበላውም። እግሯ ሥር ተደፋሁና ሁሉንም ነገርኳት።

የማለቅሰውን ያህል ካለቀስኩ በኋላ «ላላ አድርጋ እንዴት ነው ያለችው? እስቲ በይው» አለችኝ።

አልኩላት።

ለራሷ በከንፈሯ ደገመችው። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። «ይሄኛው ይሻላል» አለች። «ያኛው ቀኑ አልፏል። ይሄኛው ግን አላለፈማ።»

ከዚያ ጉንጬን በነጠላዋ ጠረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን መኳንንት እንዳይሰማ። ዕድሜ ልኩን ነው የሚያሾፍብን።»

አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም፤ ይኸው አሁን ነው። አያ መኳንንት ካረፈ ቆይቷል፣ እናቴም፣ እማ አንጓችም። እማ አንጓች ባናውን ስትሰጠኝ «ሲመጣ ታለብሽዋለሽ» ነው ያለችኝ፤ ‹ከመጣ› አላለችም። እኔ ዛሬም ወረቀት በእጄ ሲገባ፣ የመድኃኒትም ይሁን የትምህርት ቤት፣ ልጆቼን ሁለት ጊዜ አስነብባለሁ። ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ሰብለ የጻፈውን ሰው መጠየቅ ነው ብላ ነበር፤ ስለዚህ እጠይቃለሁ። ቢያድግልኝ የአስታ በር ልጅ ነው፣ የእማ አንጓች። ረጅም ነው፤ ከግራ ቅንድቡ በላይ ቡሬው በሬ የወጋው ጠባሳ አለው። ያን ዓመት ኅዳር ላይ እግሩን ታሞ ማክሰኝት ነበር። ክፉም ሆነ ደግ፣ መስማት እችላለሁ። ባናው ደርቋል። የት እንዳለ የምታውቁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።